ወንድሜ «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ይላል። ምን ልመልስለት?

የሸዋ_ልጅ
መስከረም 9፣ 2018 · ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ስለሚረዝም ይቅርታ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን አየ። ከ600 ያመጣው 183 ነው። ማለፊያው 300። ስልኩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ራትም አልበላ። በነጋታው እናቴ «አይዞህ የኔ ልጅ» ስትለው «አይዞህ አትበይኝ። ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» አላት። ስደውልለትም ያንኑ ነው የሚለኝ። ጎበዞቹ አልፈዋል፣ እኔ ጎበዝ አይደለሁም፣ በቃ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። እህቱ ስለሆንኩ አይደለም እንዲህ የምለው። ወላጆቻችን የሚኖሩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው። ጠዋት ውሃ ቀድቶ፣ ለላሟ ድርቆሽ ሰጥቶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ያነባል። 11ኛ ክፍል እያለ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘግቶ ነበር። 12ኛን ሲያጋምስ ደግሞ የፊዚክስ መምህራቸው ለቆ ሄደ። ምትክ አልመጣም።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ። እኔ የተፈተንኩት በ2008 ነው። የዚያ ዓመት ተፈታኞች ታስታውሳላችሁ። ግንቦት ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ሁሉም ተሰረዘ። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተፈተንን። አለፍኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ዛሬ አዲስ አበባ በሂሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ወንድሜን «ከጣርክ የማትደርስበት የለም፣ እኔን አታይም?» ስለው ነው የኖርኩት።

አሁን ግን ያልነገርኩትን መቁጠር ጀመርኩ። 11ኛና 12ኛን የተማርኩት ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። እሷ ዘንድ ውሃ አልቀዳሁም። ለሴቶች የመግቢያ ነጥቡ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር፣ የገባሁትም በዚያ ነው። ይህን ለወንድሜ አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም። የነገርኩት ሌሊት ሌሊት ማንበቤን ብቻ ነው።

«ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» ልለው እፈልጋለሁ። ግን ፈራሁ። ጥረት ዋጋ የለውም ያልኩት መስሎት እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥስ? ዝም ካልኩ ደግሞ ራሱን እየጠላ ይቀራል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?

ከቨርጂንያ
መስከረም 9 · ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይርዳው። ግን በቅንነት ልንገርሽ፣ ሰበብ አትስጪው። እኔ እዚህ የመጣሁት ባዶ እጄን ነው። ቀን የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር። ማታ ታክሲ እነዳለሁ። በመሃል ኮሌጅ እገባለሁ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ ነርስ ነኝ፣ ቤትም ገዝቻለሁ። ማንም አልረዳኝም። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ሥርዓቱ ነው የበደለህ» ቢለኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው ትኬት ስቆርጥ ታገኙኝ ነበር። ልጁ ራሱን መውቀሱ ጥሩ ምልክት ነው። ራሱን የሚወቅስ ይነሳል።

ቁጥር_ወዳድ
መስከረም 9 · ከምሽቱ 5፡02

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይና ከዚያ ስለ ልጁ እናውራ።

የ2014 ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 896,520 ነበሩ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 3.2 ሆነ። በ2016 5.4። አሁን የወጣው የ2017ቱ 8.4 ነው፤ 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ። እየተሻሻለ መሆኑ ደስ ይላል። ቢሆንም ከ100 ልጅ ከ91 በላይ ወድቋል።

ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም። ከዚያ በፊት የነበረውን ኩረጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚዛኑ ተስተካክሏል። ሚዛን ግን ክብደትህን ነው የሚነግርህ። ቤትህ ምን ተበልቶ እንደሚታደር አይነግርህም።

ይህን ደግሞ ተመልከቱ። በ2016 ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 1,363ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሲወድቅ «አላጠናም» ማለት ይቻላል። የክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሁሉም አንድ ላይ ሲወድቁስ? እነዚህ እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ሲወጡ፣ ሰኔ 30 ሲጨበጨብላቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። እህቴ፣ ከወንድምሽ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ አለፈ?

የሸዋ_ልጅ
መስከረም 9 · ከምሽቱ 5፡10

ሁለት። አንዷ 12ኛን አጋምሳ አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ሄዳ ስታጠና የቆየች ናት። ለፈተና ብቻ ነው የተመለሰችው። ሌላውን ልጅ አላውቀውም።

ፊዚክስ_ለሁሉም
መስከረም 10 · ከጠዋቱ 1፡30

መምህር ነኝ። 14 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ 6 ዓመት አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት አስተማርኩ። ከዚያ ወላጆቼን ለመጦር ወደ አገሬ ተመልሼ ይኸው 8ኛ ዓመቴን በገጠር የመንግሥት ትምህርት ቤት ይዣለሁ። ያው እኔው ነኝ። ፊዚክሱም ያው ፊዚክስ ነው።

አዲስ አበባ በክፍሌ 30 ልጅ ነበረ። አሁን 70 ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ታትሞ አልደረሰንም። በስልክ ፋይል ነው ያስተማርኩት። ስልክ የሌለው ልጅ በጓደኛው ትከሻ ላይ አጮልቆ ያነባል። በኮምፒውተር የተፈተኑም ነበሩን። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት ከፈተናው ጥቂት ቀን በፊት ለልምምድ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ልጅ ሲወድቅ ወላጅ ወደ እኔ ይደውላል። «መምህር፣ ልጄን አላስረዳኸውም እንዴ?» ይለኛል። ርዕሰ መምህሩ ይጠራኛል፣ አስጠኚ ይቀጠራል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። እዚህ ልጅ ሲወድቅ ማንም አይደውልም። አባትየው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ይጠይቀኛል። «ይህ ልጅ ቀለም አይገባውም መምህር፣ አደከመህ» ይለኛል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል።

ስድስት ወር መምህር ያላገኘ ልጅ ነው እንግዲህ ቀለም አይገባውም የተባለው።

ከቨርጂንያ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላይ ከአንተ ልለይ። «አልሠራሁም» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ልጅ ይነሳል፣ እውነትህን ነው። «አልችልም» ብሎ የሚወቅስ ግን ሲነሳ አላየሁም። የእህታችን ወንድም ያለው ሁለተኛውን ነው።

ማታ_ተማሪ
መስከረም 10 · ከጠዋቱ 3፡05

መምህር፣ ያ የባርኔጣ ነገር አባቴን አስታወሰኝ።

እኔ 12ኛ ያላለፍኩ ነኝ። የግል ኮሌጅ ገባሁ። ቀን ካፌ አስተናግዳለሁ፣ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። ብዙ ሰው የግል ኮሌጅ ሲባል የሀብታም ልጅ ይመስለዋል። እስከ 12ኛ ድረስ ልክ ነው፣ የሚከፍለው ሀብታሙ ነው። ከ12ኛ በኋላ ግን ይገለበጣል። ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረው አልፎ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ወጪ መጋራቱንም ሥራ ይዞ ነው ቀስ እያለ የሚከፍለው። ያላለፈው የድሃ ልጅ ነው ከጉርሻው ቆጥቦ በየወሩ የሚከፍል።

የመውጫ ፈተናውን አስታውሱ። በ2015 ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ አለፈ። ከግሎቹ 17 በመቶ። ያን ጊዜ ቲክቶክ ላይ «የግል ተማሪ ገንዘብ ከፍሎ ዲግሪ ሊገዛ» እያሉ ሲሳለቁብን ነበር። የተሳለቁትም የእኛው እኩዮች ናቸው። ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ወድቃለች። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ፣ ለሆቴል አስረክባ ነው የምትማረው። አሁን «ጭንቅላቴ አይሠራም» ትላለች።

ስላለፉትም ልጨምር። የክፍላችን ልጅ አለፈና አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ዓመት ሙሉ ቆመ። ማስታወቂያው «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ሲቪ ሲያስገባ የሚጠየቀው «እዚያ ሰው አለህ?» ተብሎ ነው። ጂፒኤውን የጠየቀው የለም። በመጨረሻ ሥራ ያገኘው በአክስቱ ባል ነው። አሁን ሲያገኘኝ «ተስፋ አትቁረጪ፣ የለፋ ያገኛል» ይለኛል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአክስቱን ባል ረስቶታል።

ኡትሬክት_ላይ
መስከረም 10 · ከቀኑ 7፡20

«ረስቶታል» ያልሽው ነገር ትልቅ ነው። እኔ እዚህ ሆላንድ የማኅበረሰብ ሳይንስ እማራለሁ። ጉዳዩ ሜሪቶክራሲ በሚል ስም ብዙ ይጠናል። ሰው በዘሩና በሀብቱ ሳይሆን በችሎታውና በድካሙ የሚያድግበት ሥርዓት ማለት ነው። የብዙ አገር ሰዎችን መልስ ያነጻጸሩ ጥናቶች ሳነብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የገቢ ልዩነት በሰፋበት አገር ሰው «የለፋ ያገኛል» ማለቱን ይተዋል ብዬ ነበር የማስበው። ተቃራኒው ነው። ልዩነቱ በሰፋበት እምነቱ ይበልጥ ይጸናል።

ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱን ከራሴ ሕይወት ጋር አገናኝቼዋለሁ። ልዩነቱ ሲሰፋ ሀብታምና ድሃ አብሮ መኖር ያቆማል። የሀብታም ልጅ ክፍል ውስጥ የሚያየው ሌላ የሀብታም ልጅ ነው። ሁለቱም አስጠኚ አላቸው፣ ሁለቱም መጽሐፍ አላቸው። አንዱ ከበለጠ የበለጠው በጥናት ነው። ስለዚህ «ሁሉም ነገር ጥናት ነው» ይላል፤ ካየው ነገር ተነስቶ ስለሆነ አልዋሸም። የድሃውም ልጅ የሚያየው መሰሉን ነው። ጎረቤቱ ያለ መጽሐፍ 210 ሲያመጣ እሱ 183 ካመጣ «እሱ ከእኔ ይበልጣል» ይላል። ሁለቱን የሚለየውን አጥር ከሁለቱም አንዱ አያየውም።

እኔ ካዛንቺስ ነው ያደግሁት። የቀበሌ ቤትና ቪላ አጥር ለአጥር ነበሩ። ከባለ ቪላው ልጅ ጋር ኳስ እንጫወት ነበር። ውሃ ሲጠማን ቤቱ እንገባለን። ግድግዳው ሙሉ መጽሐፍ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊልም ያለ ትርጉም ያያል። እሱ በእንግሊዝኛ 90 ሲያመጣ እኔ 60 ሳመጣ ለምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። በዓይኔ አይቼዋለሁ። 2017 መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ፈረሰ። የቀበሌ ቤት ሰው ወደ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሄደ፣ ሌላው ወደየፊናው። መንገዱና ሕንፃው ያምራል ይሉኛል። ሁለት ዓይነት ልጆች አንድ ኳስ የሚያሳድዱበት ቦታ ግን አንድ ቀነሰ።

እዚህም ከዚህ አልዳኑም። ልጆች በ12 ዓመታቸው ገደማ ነው በየደረጃው ወደተለያየ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመደቡት። በ12 ዓመት ልጅ ላይ የሚታየው ጉብዝና የማን እንደሆነ አስቡት። የልጁ ነው ወይስ የእናቱ?

ጡረተኛው
መስከረም 10 · ከምሽቱ 1፡00

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ አላችሁኝ። እኔ በ1974 ነው የተመረቅሁት። በእኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አዲስ አበባና አስመራ ነበር፣ ዓለማያ በኋላ ነው የተጨመረው። ስንመረቅ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አናውቅም። መንግሥት መድቦን ነው የሄድነው። ደመወዙም ቤተሰብ ያኖር ነበር። ልጆቼን «ተማሩ ያልፍላችኋል» ብዬ አሳደግሁ። «የተማረ ይግደለኝ» በሚል ሕዝብ መካከል ያደግሁ ነኝና ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከ40 በላይ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚጠላው የለም። ግን እኔ የወጣሁበት መሰላል ላይ ያኔ ጥቂት ሰው ነበር። ልጆቼ ሲደርሱ መሰላሉ ሞልቷል፣ ጫፉም ሌላ ቦታ ሄዷል። ምክሬ ያው የ1974ቱ ነበር። የመጨረሻ ልጄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ሲያጣ እንደ ሰነፍ አየሁት። ምግብ ላይ ሳይቀር ተናገርኩት። ያን አሁን ሳስበው ያመኛል።

ሌላም ነገር አለ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ እስኪወጣ ድረስ ከሚያመርተው እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። ታላላቆቼ ለዚያ ሥራ ያስፈልጉ ስለነበር ትምህርት ቤት አልላካቸውም። እኔ ትምህርቴን የቀጠልኩት አዋጁ ስለወጣ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ይልቅ ብሩህ ነበር። ነፍሱን ይማርና ፊርማውን በጣቱ እየፈረመ ሞተ።

ስም_የለኝም
መስከረም 10 · ከምሽቱ 1፡25

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለልጅዎ ይህን ነግረውታል?

ከቨርጂንያ ወንድሜ፣ አንተንም ልጠይቅህ። አሜሪካ የገባኸው በምን ነው?

ከቨርጂንያ
መስከረም 10 · ከምሽቱ 4፡50

በዲቪ ነው።

ቀኑን ሙሉ ይህን ክር ሥራ ቦታ ሆኜ ሳነብ ነበር። እውነቱን ልጻፍ። ፎርሙን የሞላልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ለራሱም አብሮ ሞልቶ ነበር። በዓመት 55,000 ገደማ ቪዛ ነበር ያለው፣ የሚሞላው ሕዝብ በሚሊዮን ነበር። የእኔ ስም ወጣ፣ የእሱ አልወጣም። እሱ ዛሬም አዳማ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ይገባል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ከእኔ ታታሪ እሱ ነው። ስንደዋወል ግን «ትንሽ ብትጠነክር ኖሮ» እለው ነበር። መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። «ማንም አልረዳኝም» ብዬ ትናንት የጻፍኩት ራሱ ልክ አይደለም። መሳፈሪያዬን የከፈለው የእሱ ዕቁብ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አሁንም አልለቅም። ዕጣው በር ከፈተልኝ፣ በበሩ የገባሁት በእግሬ ነው። ያን ስድስት ዓመት ማንም አልሠራልኝም። ለልጁ ስለ በሩ ስትነግሪው ስለ እግሩም ንገሪው። በሩ ተዘግቷል ብቻ ተብሎ የተነገረው ልጅ ሰፈራችን ውስጥ ብዙ አለ። ጫት ቤት ነው የሚውለው።

ከኩዌት
መስከረም 11 · ከንጋቱ 11፡15

እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ 8ኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት። ከጻፍኩ ስህተቴን እለፉኝ።

ሰው ቤት ስሠራ ይኸው 9 ዓመቴ ነው። ከማንም በፊት እነሳለሁ፣ ከሁሉም በኋላ እተኛለሁ። ሁለት ወንድሞቼን በዚህ ገንዘብ አስተምሬ አንዱ ኢንጂነር ሆኗል። ሲመረቅ ንግግር አድርጎ «በራሴ ጥረት እዚህ ደርሻለሁ» አለ። ቪዲዮውን ልከውልኝ አየሁት። አልተቀየምኩትም፣ ልጅ ነው። ግን ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

እኔን በሕይወቴ ማንም ሰነፍ ብሎኝ አያውቅም። አልፎልኝም አያውቅም። ለዚህ ነው «የለፋ ያገኛል» ሲሉ ዝም የምለው።

እህቴ፣ አንቺ አክስትሽን መጥቀስሽ ደስ ብሎኛል። አክስትሽ ታነበው ይሆን?

የሸዋ_ልጅ
መስከረም 11 · ከጠዋቱ 2፡20

እህቴ፣ መልእክትሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አክስቴ ፌስቡክም የላትም። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ እደውልላታለሁ።

አርሲ_ላይ
መስከረም 11 · ከቀኑ 6፡40

ሁሌ ሲባል የምሰማው «ሰዓቱ ዘመድ አያውቅም፣ አትሌቶቻችንን እዩ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ከሩጫ የበለጠ ንጹሕ ውድድር የለም። ግን እኔ የበቆጂ ልጅ ነኝና ትንሽ ልጨምር።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣች የበቆጂ አካባቢ ልጅ ናት። ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም፣ ፋጡማ ሮባም ከዚያው ናቸው። አገሩ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ አየሩ ያግዛል። ያን ከፍታ የያዘ ግን ሌላም ብዙ ወረዳ አለን። በቆጂ የተለየችው ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ስለነበራት ነው። በየጠዋቱ ልጆቹን ሰብስቦ ያሮጣቸዋል። ደራርቱንም፣ ቀነኒሳንም፣ ጥሩነሽንም በልጅነታቸው ያያቸው እሱ ነው።

እንዲህ ያለ መምህር በሌለበት ወረዳ ስንት ደራርቱ እንጨት ተሸክማ አልፋለች ብዬ አስባለሁ። እሷም እግሯ ላይ የሚገኘውን አታውቀውም። «ሩጫ አልሞከርኩም» ነው የምትለው።

ቁጥር_ወዳድ
መስከረም 11 · ከቀኑ 8፡00

ይህ ክር ከጠበቅሁት በላይ ሄደ። እህቴ፣ አንድ ተግባራዊ ነገር። ወንድምሽ በየትምህርቱ ያመጣውን ለይተሽ እይው። ድምሩ ተስፋ ያስቆርጣል። ዝርዝሩ ግን መምህር የት እንደነበረና የት እንዳልነበረ ያሳያል።

ማታ_ተማሪ
መስከረም 11 · ከምሽቱ 3፡30

ልክ ነው። እኔም አሁን የራሴን አውጥቼ አየሁት። ሂሳብ ላይ የወደቅሁት መምህር በዓመት ሦስቴ የተቀየረብን ጊዜ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ሂሳብ አልችልም» እያልኩ ኖርኩ። አካውንቲንግ እየተማርኩ እኮ ነው።

የሸዋ_ልጅ
መስከረም 19 · ከምሽቱ 1፡50

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለመስቀል ቤት ሄጄ ነበር።

ደመራው በተለኮሰ ማግስት ከወንድሜ ጋር ከቤታችን ጀርባ ተቀመጥን። ስለ አክስቴ ቤት ነገርኩት። ስለ መግቢያ ነጥቡም። ቀና ብሎ አላየኝም። ብዙ ቆይቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አክስቴ ቤት መብራት ይጠፋ ነበር?» እምብዛም አልኩት። እንደገና ዝም አለ።

ከዚያ ቁጥር_ወዳድ ያለውን አደረግን። ባዮሎጂ 44። ፊዚክስ 17። ባዮሎጂ መምህራቸው ዓመቱን ሙሉ ነበረች፣ የሚወዷት ሴት ናት። ፊዚክስ ደብተሩን አምጣው አልኩት። ግማሹ ድረስ በጥሩ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። ቀይ እስኪሪብቶ ሁሉ ተጠቅሟል። ጥር 14 ይላል የመጨረሻው ገጽ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ። በራሱ ላይ አልነበረም። «ታዲያ ለምንድነው ሁላችሁም ሰነፍ ስል ዝም ያላችሁኝ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁት።

እጁን ያጣጥፋል ብዬ ነበር የፈራሁት። ማታ ላይ በግል ተፈታኝነት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር አነሳ፤ «ዘንድሮ 12ኛ የገቡት ልጆችስ ፊዚክስ መምህር መጥቶላቸው ይሆን?» አለ። አባታችን ሰኞ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዷል። መልሱን ገና አልሰማሁም።

ከኩዌት እህቴ፣ አክስቴ «እሷን ልጅ ሳሚልኝ» ብላለች።

ከቨርጂንያ
መስከረም 20 · ከንጋቱ 10፡40

ለወንድሜ ትናንት ደወልኩለት። ስለ ዲቪው አወራን። 20 ደቂቃ ሙሉ ያወራው እሱ ነው።

እህቴ፣ የመመዝገቢያውንና የመጽሐፉን ወጪ እኔ ልሸፍን። እባክሽ እምቢ አትበይኝ።

ፊዚክስ_ለሁሉም
መስከረም 20 · ከጠዋቱ 1፡15

ግማሽ ዓመት ብቻ ተምሮ ነው እንግዲህ 17 ያመጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ልደውልለት እችላለሁ። በየሳምንቱ። መረብ ካለ በቪዲዮ፣ ከሌለ በድምፅ መልእክት እልክለታለሁ። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እሱ የወደቁ ካሉ አብረው ይቀመጡ፣ አንድ ስልክ ለአምስት ይበቃል።

የሸዋ_ልጅ
መስከረም 20 · ከጠዋቱ 1፡32

መምህር፣ አሁኑኑ ነገርኩት። ሦስት ልጆች አሉ ይላል። «ከየት ጀምረን እንዘጋጅ?» ብሎ ጠይቋል።

ፊዚክስ_ለሁሉም
መስከረም 20 · ከጠዋቱ 1፡40

የጥር 14ቱን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ከዚያ እንቀጥላለን።